አጭር ተከላካይ የት ይቁም?

በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ስፖርት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ማን ስንት እንዳገባ ነው። ማን ስንት እንዳስቀረ ግን የሚቆጥርም የሚጽፍም የለም። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው፤ ከቅርጫት ኳስም ስለ መከላከል፣ ከመከላከልም ቁመቱ ያልረዘመ ተጫዋች እንዴት አድርጎ መከላከል እንደሚችል ነው። ርዕሱ ጠባብ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ነገ ተመድበን በምንሄድበት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ የሚቆመውን ሕፃን ሁሉ የሚነካ ስለሆነ ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በየሜዳው ያለውን ልማድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቡድን ሲመረጥ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው አናት ላይ ነው። ረጅሙ «አንተ ና፣ መሐል ቁም» ይባላል፤ አጭሩ ወይ ኳስ አመላላሽ ይሆናል፣ ወይ ልብስ ጠባቂ። ሴቶች ዘንድ ደግሞ ይብሳል፤ ገና ሜዳ ሳትረግጥ «አንቺ ቁመት የለሽም» ተብላ የምትመለሰው ስንቷ ናት! ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሪንጉ ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ተሰቅሎ እያዩት ሌላ ምን ይበሉ? ዘኬዎስስ ቁመቱ ቢያጥርበት ሾላ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሜዳ ውስጥ ሾላ የለም።

እኔ የምለው ግን ይህ ነው። ቁመት ለመከላከል የግድ የሚያስፈልገው በሜዳው አንድ ቦታ፣ ሪንጉ ሥር ባለችው በጥቂት እርምጃ በምትለካው ቦታ ብቻ ነው። የቀረው 28 ሜትር በ15 ሜትር የሆነው ሜዳ የእግር ነው። አጭር ተከላካይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸነፈው አጭር በመሆኑ ሳይሆን፣ ረጅሙን ረጅሙ በሚወደው ቦታ ሄዶ ስለሚጠብቀው ነው። እዚያ ከጠበቀው በኋላማ ምን ያደርጋል? መዝለል ብቻ ነው፤ መዝለሉም አያደርሰውም።

ስለ ሪንጉ ከፍታ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ጄምስ ኔይስሚዝ ይህን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1891 የፈጠረው አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ በምትባለው ክፍለ ሀገር፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ በነበረው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ነው። ተማሪዎቹም እንደኛው ሠልጣኞች ነበሩ። ሁለቱን የኮክ ቅርጫቶች የሰቀለው በአዳራሹ ዙሪያ በነበረው ሰገነት መከታ ላይ ነው፤ መከታው 10 ጫማ ከፍ ብሎ ስለተገኘ የሪንጉ ከፍታ 10 ጫማ ሆኖ ቀረ። የሰው ቁመት ተለክቶ የተወሰነ አይደለም ማለት ነው! ይሁን እንጂ ኔይስሚዝ ከጻፋቸው 13 ደንቦች አንዱ በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ መጥለፍንና መምታትን ከልክሏል። ሰገነቱ ለረጅሙ ቢያደላ ይህ ደንብ ለአጭሩ ጠበቃ ቆሞለታል። ችግሩ ጠበቃ እንዳለው የማያውቅ አጭር መብዛቱ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መከላከል ከእግር ይጀምራል። እግር ከትከሻ ሰፋ ይላል፣ ጉልበት ሸብረክ፣ ወገብ ቀጥ፤ ክብደት በእግር ፊት ላይ እንጂ ተረከዝ ላይ አይደለም። ወደ ጎን ሲኬድ እግር ከእግር አይጠላለፍም፤ በሚኬድበት በኩል ያለው እግር ቀድሞ ይረግጣል፣ ሌላው ተጎትቶ ይከተላል። ረጅም ሰው እንዲህ ሆኖ ብዙ መቆየት ይቸግረዋል፣ ያንን ሁሉ ቅልጥም አጥፎ የት ያደርሰዋል? ለአጭሩ ግን ግማሹን መንገድ ተፈጥሮ አድርሶታል። ዶርዜ ሄዶ ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን ሲረግጥ እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ አንዱ ሌላውን ቆሞ አይጠብቅም። ተከላካይም እንዲሁ ነው፤ እግሩ እየተንሸራተተ እጁ ሌላ ሥራ ላይ ነው። የኛ ልጆች ትልቁ ጉድለት እጃቸውን ሲያነሡ እግራቸው መቆሙ፣ እግራቸው ሲሄድ እጃቸው መውደቁ ነው።

ዓይንስ የት ይሁን? ወገብ ላይ። ፊት ያታልላል፣ ትከሻ ያታልላል፣ ኳስም ታታልላለች፤ እምብርት ግን ባለቤቱን ጥሎ የትም አይሄድም።

አሁን ደግሞ ኳሷን እናስብ። አንድ ተጫዋች ሁለት ሜትር ይርዘም፣ ከዚያም በላይ ይርዘም፣ ኳስ ሲያነጥር በእያንዳንዱ ምት ኳሷ መሬት ነክታ መመለስ አለባት። ከመሬት እስከ ወገቡ ያለው መንገድ ለረጅም ሰው ረጅም ነው። በዚያ መንገድ ላይ ኳሷ የማንም አይደለችም፤ ለእጁ የምትቀርበው ደግሞ ዝቅ ብሎ ለቆመው ነው። ታዲያ ኳሷ ከላይ ወደ ታች አትመታም። ከላይ የሚወርድ እጅ ክንድ ያገኛል፣ ዳኛውም ከሩቅ ሆኖ ያየዋል። መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ከሥር ወደ ላይ ነው መንካት። ካልተገኘችም እጅን ሰብስቦ እግርን ማስከተል፤ አንዴ ስቶ ደግሞ ለመድገም የሚንጠራራ ተከላካይ ሚዛኑን ያጣል፤ አልፎት ይሄዳል።

ለዚህ ትልቁ ምስክር በቅጽል ስሙ መግሲ የሚባለው ታይሮን ቦግስ ነው። ቁመቱ 1.60 ሜትር ብቻ ነው፤ ከመካከላችን በርካቶቻችን እንበልጠዋለን። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2001 በአሜሪካው ታላቅ ሊግ በኤን.ቢ.ኤ. 14 የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ ከተጋጣሚ እጅ የነጠቃቸው ኳሶች 1,369 ናቸው። የመጀመሪያ ቡድኑ የዋሽንግተኑ ቡሌትስ ነበር፤ እዚያም የቡድን ጓደኛው የጎረቤታችን የሱዳኑ ተወላጅ ማኑት ቦል ነበር፣ የዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ልጅ ማለት ነው። ቦል 2.31 ሜትር ነው። 71 ሳንቲ ሜትር ተበላልጠው በአንድ ማሊያ ተሰለፉ! ፎቶግራፋቸውን ያየ ሁሉ ይስቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱም በመከላከል የታወቁ መሆናቸው ነው። ቦል ከላይ ይመልሳል፣ ቦግስ ከታች ይነጥቃል። ነገሩን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ ከላይ የተመለሰ ኳስ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ይወጣና መልሶ የአጥቂው ይሆናል፤ የተነጠቀ ኳስ ግን እዚያው የነጣቂው ቡድን ነው። ጭብጨባው የሚሄደው ለመጀመሪያው ነው፤ ሒሳቡ ለሁለተኛው ያደላል።

ቦግስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1993 2.13 ሜትር የሚረዝመውን ፓትሪክ ኢዊንግን ሳይቀር ኳስ መልሶበታል። ይህን የምጠቅሰው «አጭርም መዝለል ይችላል» ለማለት አይደለም። የዘወትር ሥራው ይህ አልነበረም፤ የዘወትር ሥራው ኳሷ ኢዊንግ ጋ ሳትደርስ ማስቀረት ነበር።

ለእኅቶቻችን ደግሞ ዴቢ ብላክን ላስተዋውቅ። እሷም 1.60 ሜትር ገደማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብላ የተመረጠችው፣ ለማያሚ ሶል ትጫወት የነበረችው፣ ይህችው ሴት ናት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 30ን አልፎ ነበር። «ቁመት የለሽም» የሚል መራጭ ቢገጥማት ኖሮ ሽልማቱን ማን ይወስደው ነበር?

አሁን ወደ ጭንቁ ቦታ እንሂድ፣ ወደ ሪንጉ ሥር። በቀለም የተሠመረው ሳጥን 4.9 ሜትር ወርድ፣ 5.8 ሜትር ቁመት አለው፤ አጥቂ እዚያ ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። የአጭሩ ሥራ የሚጀመረው እንግዲህ ኳስ ከመምጣቷ በፊት ነው። ረጅሙ ወደ ሳጥኑ ሲሮጥ መንገዱ ላይ ቀድሞ መቆም፣ ዙሮ እንዲገባ ማስገደድ፤ አንድ እርምጃ ከሪንጉ ባራቁት ቁጥር ቁመቱ እየረከሰ ይሄዳል። ከነጭራሹ ሪንጉ ሥር ከደረሰ ደግሞ ከኋላው ቆሞ ጀርባውን ማየት ከንቱ ነው። ከፊቱ መቆም ነው፤ በእርሱና ኳስ አቀባዩ መካከል። ያኔ የሚቀረው በአናት ላይ የሚወረወር ረጅም ኳስ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ኳስ አየር ላይ ይቆያል፤ እስኪወርድ ድረስ ከወዲያ በኩል ያለው ጓደኛ ሁለት እርምጃ ገብቶ ይደርስበታል። ግን ጓደኛው መምጣት አለበት። ካልመጣ ከፊት መቆም ራስን ማጋለጥ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እዚህ ላይ ነው እንጂ ለንግግር ማሳመሪያ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ረጅሙ ኳሷን ሪንጉ ሥር ከያዘ፣ እግሩንም ካደላደለ ዕዳው ተከፍሏል። እዚህ ላይ ክንዱን መምታት ሁለት ነጥቡን ሰጥቶ ቅጣት ምት መመረቅ ነው። ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ደረት ቀጥ፣ ባለህበት መቆም፤ ከሳተ ሳተ፣ ካገባም በሁለት ነጥብ ይለቅ። አምስት ፋውል የሠራ ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል፤ ቡድኑ በአንድ ሩብ ከአራት ፋውል በላይ ከሠራም ተቃራኒው ሁለት ሁለት ቅጣት ምት ያገኛል።

ቅድም ጠበቃ ያልኩት ደንብ ዛሬ የሚገኘው ሲሊንደር በሚባለው ሕግ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የቆመበት ቦታና ከራሱ በላይ ያለው አየር የራሱ ነው፤ እንደ ገበሬ ይዞታ በሉት። ሁለት እግሩን መሬት ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ቀድሞ የቆመ ተከላካይ ላይ በደረቱ የመጣ አጥቂ፣ ፋውሉ የአጥቂው ነው። ቁመት አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው መቅደም ነው። አጥቂው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ከሥሩ መግባት ግን ክልክል ነው፤ ሰውም ይሰብራል። ይህን ልዩነት ሳያስተምሩ ልጅን «ግባበት፣ ውደቅለት» ማለት ነውር ነው እላለሁ። መውደቅ ትምህርት አይደለም፤ ቀድሞ መድረስ ነው ትምህርቱ።

ተመልሶ የሚመጣ ኳስም አለ። ኳስ ሲወረወር ሁሉም አንጋጦ ያያል፤ ረጅሙን የሚጠቅመው ይህ ማንጋጠጥ ነው። አጭሩ ኳሷን ትቶ ሰውየውን ይፈልግ፤ ዞሮ ጀርባውንና ዳሌውን ጭኑ ላይ ያሳርፍበት፣ ሰፋ ብሎም ይቁም። ከዚያ ቢዘል ይዝለል፤ ከጀርባህ ሆኖ ሊዘል የሚችለው በአንተ ላይ ነው፣ ያም ፋውል ነው። ኳሷን አንተ ባታነሣት እንኳ መሬት ትነካለች፣ መሬት ደግሞ ለማን ቅርብ እንደሆነ ተናግረናል። ቻርልስ ባርክሌይ 1.98 ሜትር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1986–87 የውድድር ዘመን በዚያ ሊግ በተመላሽ ኳስ አንደኛ ወጥቷል። 1.98 ለእኛ ዛፍ ነው፤ ሪንግ ሥር ከሚጋፉት ከእነ ኢዊንግ ጋር ሲቆም ግን አጭር ነበር።

እዚህ ላይ ከብዙ ጓደኞቼ ጋር የማልስማማበትን ነጥብ ልናገር። የኛ ቡድኖች ገና ሜዳ ሲገቡ ቀጠና ይይዛሉ፤ ሁለቱ ፊት፣ ሦስቱ ኋላ፣ ረጅሙ መሐል እንደ ምሰሶ። ቀጠና መከላከል በራሱ ክፉ አይደለም፤ በሰለጠነ ቡድን እጅ ጥሩ መሣሪያ ነው። ለጀማሪ ግን መኝታ ቤት ነው። ኳስ ወደ ወዲያኛው ጥግ ስትሄድ ወዲህኛው እጁን አንሥቶ ያርፋል፤ አጭሩም «የኔ ቦታ ይቺ ናት» ብሎ እግሩን ሳይሠራበት ዓመቱ ያልቃል። ሰው በሰው ስንይዝ ግን መደበቂያ የለም። ልጁ አንድ ሰው ይሰጠዋል፤ ያ ሰው ቢያገባ በማን እንዳገባ ይታወቃል። መጀመሪያ ሰው በሰው እንማር፣ ቀጠናው ይደርሳል።

አጭር ቡድንማ ከዚህም አልፎ ሜዳውን ማስረዘም አለበት። አጥቂው ቡድን ኳሷን ከራሱ ግማሽ በ8 ሰከንድ ማውጣት፣ በ24 ሰከንድም መወርወር ይገባዋል። እኛ ግን ኳስ ባጣን ቁጥር ሮጠን ሪንጋችን ሥር እንሰበሰባለን፤ ረጅሞቹ ተዝናንተው በእግራቸው ይመጣሉ፣ ሰከንዱም ሳይነካ ይቆያቸዋል። እዚያው ግማሻቸው ውስጥ ብንይዛቸው፣ ኳስ የያዘውን ወደ ዳር መሥመሩ ብንገፋው፣ መሥመሩ ራሱ ስድስተኛ ተከላካይ ይሆንልናል፤ ሁለት ሰው ጥግ ላይ ከዘጋበት በአናቱ ለመወርወር ይገደዳል። ሁለት ሜትር የሚሞላው ሰውዬ ደግሞ ያን ጊዜ የት ነው ያለው? ሪንጉ ሥር ቆሞ ኳስ ይጠብቃል። ይህ አጨዋወት ሳንባ ይፈልጋል፣ አልዋሽም። በአርባ ምንጭ የቀን ሙቀት አርባ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ልሩጥ የሚል ካለ ይንገረኝ። ስለዚህ እየመረጡ ነው፤ ከተቆጠረ ነጥብ በኋላ፣ ከእረፍት መልስ፣ ተጋጣሚ የደከመ ጊዜ። ከጨንቻና ከቦንኬ ዳገት የመጡ ሠልጣኞች እዚህ ላይ ከሁላችንም ሳይሻሉ አይቀሩም፤ እግራቸውን ዳገቱ ሠርቶታል።

«ታዲያ ደቡብ ሱዳኖች እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካንን 101 ለ100 እስኪያስጨንቁ የደረሱት በቁመት አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ቁመት ሀብት ነው፤ ያለው ይጠቀምበት፣ ማን ከለከለ? እኔ የምከራከረው ከሌለው ጋር ምን እናድርግ በሚለው ላይ ነው። ቁመት አይሠለጠንም። በማናቸውም ልምምድ አንድ ሳንቲ ሜትር የጨመረ ልጅ አላየሁም፤ እግሩ የፈጠነ፣ ዓይኑ የነቃ፣ ጓደኛውን መጥራት የለመደ ግን ሞልቷል። እኛ ደግሞ የምንሠለጥነው ለአስተማሪነት ነው። የማይማሩትን ነገር መመዘኛ አድርጎ ልጅን የሚያሰልፍ አስተማሪ ሥራው ምኑ ላይ ነው?

በገጠር ትምህርት ቤቶች ሪንግ የለም፣ ኳስም ብትገኝ አንዲት ናት። ለስልሳ ልጅ አንዲት ኳስ! በዚህ ምክንያት የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ «ቅርጫት ኳስ አይቻልም» ተብሎ ይዘለላል፣ ወይም ኳሷ ለአምስት ጎበዞች ተሰጥታ የቀረው ዳር ቆሞ ያያል። መከላከል ግን ኳስም ሪንግም አይጠይቅም! በአመድ ሁለት መሥመር ሦስት ሜትር ያህል አራርቆ ማስመር፤ ልጆቹን ጥንድ ጥንድ ማድረግ፤ አንዱ ከዳር እስከ ዳር ለመሾለክ ይሞክራል፣ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በእግሩ ብቻ ፊት ፊቱን ይዘጋል። ስልሳውም ባንድ ጊዜ ይሠራሉ። ሁለተኛው ሳምንት እጅ ይፈታል፤ ሦስተኛው ሳምንት በኳሷ ፋንታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጣል። ጀርባ ሰጥቶ መዝጋትም እንዲሁ ነው፤ መሐል ድንጋይ አስቀምጦ «እስከ አምስት ስቆጥር ማንም አይንካት» ማለት ይበቃል። ለሕፃናት ሪንግ የሚሰቀል ከሆነም 2.60 ሜትር ላይ ነው፤ ለትንንሾች የተወሰነው ከፍታ ይኸው ነው፣ ባለ 3.05ን ይተዉላቸው። በዚህ ሥልጠና ውስጥ ካለፉት ልጆች መካከል ኋላ ማን እንደሚረዝም ማንም አያውቅም፤ የረዘመውም ቢሆን እግር ያለው ረጅም ይሆናል።

በመጨረሻ ለስፖርት ኮሚቴውና ለተከበሩ መምህሮቻችን አንድ ማመልከቻ አለኝ። በሚቀጥለው የክፍሎች ውድድር ነጥብ ከሚመዘግበው ሰው ጎን ሌላ መዝጋቢ ይቀመጥ። እርሱ የሚጽፈው የተነጠቀ ኳስ፣ በእጅ ተነክቶ አቅጣጫው የተበላሸ ኳስ፣ ቀድሞ ቆሞ ያስገኙት የአጥቂ ፋውል፣ በጀርባ የተዘጋ ሰው፣ ደግሞም የተጋጣሚው ረጅም ሳጥኑ ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ እንደያዘ ነው። ውጤቱ በማግሥቱ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ከአግቢዎቹ ስም ጎን ይለጠፍ። ወረቀቱንና እርሳሱን እኔ አቀርባለሁ፤ መዝጋቢ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ሪንጉ ሁለት ነውና።